ኮንዶምን በትክክል ለመጠቀም፦ ከመግዛት እስከ መጣል፣ ቢቀደድስ?

ስለ ኮንዶም ያልሰማ ሰው የለም። እንዴት እንደሚከፈት፣ እንዴት እንደሚጠለቅ ጊዜ ወስዶ ያሳየው ሰው ያለው ግን ጥቂት ነው። ትምህርት ቤት ስሙ ሲነሳ ተማሪው ይስቃል፣ መምህሩ ይቸኩላል፣ በዚያው ይታለፋል። ቤት ውስጥማ ጭራሽ አይነሳም። ከዚያ ቀኑ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ፣ በችኮላ፣ በግምት ይሞከራል። «ተቀደደ»፣ «አመለጠ»፣ «እንዴት እንደሆነ እንጃ አረገዘች» የሚባለው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። የወንድ ኮንዶም በእያንዳንዱ ግንኙነት ላይ ያለ ስህተት ከተሠራበት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100 ሴቶች የሚያረግዙት 2 ገደማ ናቸው። ሰው በተለምዶ በሚጠቀምበት መንገድ ግን 13 ይደርሳሉ። ልዩነቱ የላስቲኩ አይደለም፤ የአጠቃቀሙ ነው። አጠቃቀም ደግሞ ይለመዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው የእጅ ሥራ ነው፤ እየተከተላችሁ ሥሩት።

ሲገዙ ምን ይታያል?

ኮንዶም መድኃኒት ቤት፣ ሱፐርማርኬት፣ ብዙ ጊዜም የሰፈር ሱቅ ይገኛል። አገር ቤት በብዛት የሚታወቁት ሕይወት ትረስትና ሴንሴሽን ናቸው። ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች በነፃ ይሰጣሉ። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ክሊኒኮች ውስጥም ማግኘት ይቻላል። ወንድ ብቻ ነው የሚገዛው የሚል ሕግ የለም። ሴት ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ብትይዝ ስለ ራሷ ያሰበች ሰው ናት፤ ሌላ ትርጉም አይሰጠው።

ማፈር ያለ ነው። መድኃኒት ቤት ገብቶ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ የቫይታሚን ዋጋ እያነበበ የሚቆም፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ «ያንን ነገር አለ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ለባለሙያው ግን ፓራሲታሞል እንደመሸጥ ነው። «ኮንዶም አንድ ፓኬት» ማለት ይበቃል።

ከፍላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የአገልግሎት ጊዜውን እዩ። በእያንዳንዱ እሽግ ላይ ታትሟል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ቀኑ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የእኛ 2018 ማለት በእነሱ ከሴፕቴምበር 2025 እስከ ሴፕቴምበር 2026 ያለው ጊዜ ነው። እሽጉ ላይ 2024 የሚል ያየ ሰው በእኛ ቆጥሮ «ገና ስድስት ዓመት አለው» ሊል ይችላል። ጊዜው ግን አልፎበታል። ስለዚህ ስልካችሁን በፈረንጆች አቆጣጠር አድርጋችሁ አስተያዩት።

ሱቁ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን አትግዙ። ላስቲክ ሙቀት አይወድም። በዚሁ ምክንያት የኋላ ኪስ ውስጥ ያለ ዋሌት መጥፎ ማስቀመጫ ነው፤ ሰውነት ያሞቀዋል፣ መቀመጥ ይፈትገዋል። የመኪና ዳሽቦርድ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ልብስ መሃል ጠቅልሎ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ሻንጣ ውስጥ ቢይዘው ይሻላል። ለአንድ ምሽት ኪስ ውስጥ መያዝ ችግር የለውም፤ ለወራት ግን አይሆንም።

ልክም አለው። አብዛኛው ኮንዶም ጠፍጣፋ ሲለካ ስፋቱ 52 ወይም 53 ሚሊሜትር ነው፤ ቁጥሩ ፓኬቱ ላይ ይጻፋል። ሁልጊዜ የሚያጠብቅባችሁና የሚቀደድባችሁ ከሆነ ሰፋ ያለውን፣ እየወለቀ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ጠበብ ያለውን ፈልጉ። ላቴክስ፣ ማለትም አብዛኛው ኮንዶም የሚሠራበት ላስቲክ፣ የሚያሳክካቸው፣ የሚያቆስላቸው ሰዎች አሉ። ለእነሱ ከፖሊዩሬቴን ወይም ከሌላ ሰው ሠራሽ ነገር የተሠራ አለ፤ ባለሙያውን ጠይቁ።

ወሬው ልብስ ሳይወልቅ ይለቅ

ብዙ ሰው ኮንዶም የማይጠቀመው አጥቶት አይደለም። ማን ቀድሞ ያንሳው በሚል ዝምታ ነው። ሰዓቱ ላይ ሲደርስ ማንም መነጋገር አይሆንለትም፤ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ፣ ሻይ ላይ ወይም በቴክስትም ቢሆን ጨርሱት። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። «እኔ ያለ ኮንዶም አልችልም» ካላችሁ ተናገራችሁ ማለት ነው።

የሚመጣው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው። «አታምኚኝም እንዴ?» ሲል፦ «የማመን ጉዳይ አይደለም። ሁለታችንም አልተመረመርንም፤ እኔ ደግሞ አሁን ልጅ አልፈልግም።» «ስሜት ይቀንሳል» ሲል፦ «ስሱን እንግዛ፣ ጄልም እንጨምርበት።» «እኔ ጤነኛ ነኝ» ሲል፦ «ጥሩ፣ ቅዳሜ አብረን እንመርመርና እንየው።» ይህን ሁሉ ሰምቶ አሻፈረኝ የሚል ሰው ስለ እናንተ ጤና ምን ያህል እንደሚጨነቅ ነግሯችኋል። እምቢ ካላችሁ በኋላ በግድ መቀጠል ጥቃት ነው። መሃል ላይ ሳያሳውቁ ማውለቅም እንደዚያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መጠጥ ወይም ምርቃና ላይ ያለ ሰው ጥሩ ውሳኔ ይወስናል ብላችሁ አትጠብቁ። ከቤት ስትወጡ ያዙት፤ ማታ ሱቅ ፍለጋ አትተማመኑ።

አጠላለቁ፣ ደረጃ በደረጃ

መጀመሪያ ትንሽ ብርሃን ይኑር። የስልክ መብራትም ይበቃል። ጨለማ ውስጥ የሚሠራ ስህተት አይታይም።

1. እሽጉን በሁለት ጣት ጫን አድርጉት። ውስጡ አየር ካለ እንደመንፋት ይላል፣ ኮንዶሙም ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። አየር ከሌለው የሆነ ቦታ ተበስቷል ማለት ነው፤ ጣሉት።

2. ኮንዶሙን በጣታችሁ ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርጉና በሌላው ጎን፣ ጠርዙ ላይ ለመቅደጃ ከተሠራው ቦታ ቅደዱ። በጥርስ አይከፈት፤ በመቀስና በምላጭም አይከፈት። ጥፍራችሁ ረጅም ከሆነ፣ ቀለበትም ካደረጋችሁ፣ እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ሲወጣ የደረቀ፣ የሚጣበቅ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ከሆነ አትጠቀሙበት።

3. የሚጠለቀው ብልቱ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ፣ ከሴቷ ብልት ጋር ምንም ንክኪ ከመፈጠሩ በፊት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ትንሽ እንቆይና ልክ ሊመጣ ሲል እናደርጋለን» ይባላል። ከመርጨት በፊት የሚወጣው ፈሳሽ ኤች አይ ቪና ሌሎች ተዋሲያንን ሊይዝ ይችላል፤ አንዳንዴ የዘር ፍሬም ይኖረዋል። ቁስል ካለ ደግሞ ንክኪው ብቻ ይበቃል።

4. ጎኑን ለዩ። ጥቅሉ በውጭ በኩል መሆን አለበት፤ ልክ እንደ ባርኔጣ ጠርዝ። በትክክለኛው ጎን ከሆነ በቀላሉ ይዘረጋል። አልዘረጋ ካለ በተገላቢጦሽ ነው። ይህ ሲሆን ብልቱን የነካውን ኮንዶም ገልብጦ መጠቀም የለም። ይጣልና አዲስ ይከፈት። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከአንድ በላይ መያዝ የሚያስፈልገው።

5. ያልተገረዘ ወንድ ከሆነ ሸለፈቱን ወደ ኋላ ይመልስ። ከዚያ የኮንዶሙን ጫፍ፣ ያቺን ትንሽ ኪስ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨብጦ አየሯን ያስወጣ። ኪሷ ለዘር ፈሳሹ የተተወች ቦታ ናት። አየር ከሞላት ፈሳሹ የሚገባበት ያጣል፣ ኮንዶሙም ይወጠርና ሊፈነዳ ይችላል። እኔ ከሁሉም ደረጃ አንድ ብቻ አስታውሱ ብባል ይችን እመርጣለሁ፤ ሰው የሚዘላት እሷን ነውና።

6. ጫፉን እንደያዛችሁ በሌላው እጅ ጥቅሉን እየዘረጋችሁ እስከ ብልቱ ሥር አውርዱት። ግማሽ ላይ የቀረ ኮንዶም ይሰበሰባል፣ ከዚያም ይወልቃል።

7. ማለስለሻ ከፈለጋችሁ በውሃ ወይም በሲሊኮን የተሠራ ጄል ከመድኃኒት ቤት ግዙ። ከላይ ይቀባል። ከመጥለቁ በፊት አንድ ሁለት ጠብታ ኮንዶሙ ጫፍ ውስጥ ቢደረግ ስሜቱን ያሻሽላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ያንሸራትታል።

ቫዝሊን፣ ሎሽን፣ የፀጉር ቅባት፣ የምግብ ዘይት፣ ቅቤ፣ ሁሉም ላቴክስን ያበላሻሉ። ይህ የጥንቃቄ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ዘይት የነካው ላቴክስ በደቂቃዎች ውስጥ ይደክማል። ዓይን ግን ምንም ለውጥ አያይበትም። «እኛ ቤት ኮንዶም አይበረክትም» የሚሉ ሰዎች አልጋው አጠገብ ያለውን የቅባት ጣሳ ቢያዩ መልሱን ሳያገኙ አይቀሩም። ማሳጅ ተደራርጋችሁም ከሆነ እጃችሁን ታጠቡ። ለሴት ብልት ኢንፌክሽን የሚታዘዙ አንዳንድ ክሬሞችና በብልት የሚገቡ መድኃኒቶችም ዘይት አላቸው፤ ስትገዙ ከኮንዶም ጋር ይስማማ እንደሆነ ጠይቁ።

8. ሁለት ኮንዶም መደረብ አያጠነክርም። እርስ በርስ ይፋተጋሉና ይባስ ይቀደዳሉ። አንድ፣ በትክክል። መሃል ላይ የተለየ ነገር ከተሰማችሁ፣ ድንገት ሙቀቱ ወይም ልስላሴው ከተቀየረ፣ አቁሙና እዩ። በፊንጢጣ የሚደረግ ግንኙነት ብዙ ማለስለሻ ይፈልጋል፤ ከዚያ ወደ ሴት ብልት ከሆነ ኮንዶሙ መቀየር አለበት።

9. ከረጨ በኋላ ተኝቶ መቆየት የለም። ብልቱ ሳይረግብ፣ የኮንዶሙን ሥር በእጅ ይዞ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። ከረገበ ኮንዶሙ ይላላል፤ ፈሳሹ ይፈሳል ወይም ኮንዶሙ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ፈቀቅ ብሎ፣ ከሴቷ ርቆ ማውለቅ።

10. ካወለቃችሁ በኋላ ቀና አድርጋችሁ እዩት፤ ተቀዶ እንደሆነ ያኔ ይታወቃል። አፉን ቋጥሩ፣ በሶፍት ጠቅልሉና ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። የጉድጓድ መፀዳጃ ካለ እዚያ መጣል ይቻላል። ውሃ የሚለቀቅበት ሽንት ቤት ውስጥ ግን አይጣል፤ ቱቦ ይደፍናል። መንገድ ላይ፣ አጥር ሥር የሚጣለውን ልጆች አንስተው ሲነፉት ማየት ያማል። እባካችሁ።

ለሁለተኛ ዙር አዲስ ኮንዶም። አጥቦ መጠቀም የሚባል ነገር የለም።

ወንዶች ይህን ሁሉ መጀመሪያ ብቻቸውን ቢለማመዱ ጥሩ ነው። ጥቂት ኮንዶም ቢባክን ምን አለበት? እጅ ከለመደ ሰዓቱ ላይ መደናገር የለም፤ ብልቱም በመደናገር አይረግብም።

የሴት ኮንዶም

በየመድኃኒት ቤቱ አይገኝም፤ ግን መኖሩን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አጋሯ እምቢ የሚላት ሴት ራሷ የምትቆጣጠረው እሱ ነው። ከግንኙነት በፊት እስከ 8 ሰዓት ቀደም ብሎ ሊገባ ይችላል። በሁለት በኩል ቀለበት አለው። በተዘጋው ጫፍ ያለውን ቀለበት በጣቶች ጨብጦ ማጥበብ፣ እንደተመቸ ቁጢጥ ብሎ ወይም አንድ እግርን ወንበር ላይ አድርጎ፣ እስከሚሄድበት ወደ ውስጥ መግፋት። ውጪ ያለው ቀለበት ከብልት ውጭ ይቀራል። ብልቱ በቀለበቱ መሃል መግባቱን በእጅ መምራት ያስፈልጋል፤ በጎን በኩል ከገባ ጥቅም የለውም። ሲያበቃ፣ ከመነሳት በፊት፣ የውጪውን ቀለበት ጠምዝዞ ቀስ ብሎ ማውጣት። ናይትራይል ከሚባል ሰው ሠራሽ ላስቲክ የተሠራው ዘይትን ይችላል። ከወንድ ኮንዶም ጋር አብሮ ግን አይሠራበትም። በትክክል ሲያዝ ከ100 ሴቶች 5፣ በተለምዶ አጠቃቀም 21 ያረግዛሉ፤ ከወንዱ ትንሽ ዝቅ ይላል ማለት ነው።

ዳያፍራም የሚባል ሌላ መከለያም አለ፤ የማህፀን በር ላይ የሚቀመጥ። እኛ አገር ብዙም አይታይም። ከኤች አይ ቪም አይከላከልም። ኖኖክሲኖል ናይን የሚባል የዘር ፍሬ ገዳይ የተቀባ ኮንዶም ካያችሁ እለፉት፤ ደጋግመው ሲጠቀሙበት ገላን ያቆስላል፣ ቁስል ደግሞ ለኤች አይ ቪ በር ይከፍታል።

ኮንዶም የማይሸፍነው

ኮንዶም ኤች አይ ቪን፣ ጨብጥንና ክላሚዲያን በደንብ ይከላከላል። እነዚህ በፈሳሽ የሚተላለፉ ናቸው። በቆዳ ንክኪ የሚተላለፉት፣ ማለትም ቂጥኝ፣ ኸርፐስና የብልት ኪንታሮት የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ፣ ኮንዶሙ ያልሸፈነው ቦታ ላይ ከሆኑ ሊያልፉ ይችላሉ። አደጋውን ይቀንሳል፣ አያጠፋውም። ብልት አካባቢ ቁስል ወይም እብጠት ካያችሁ፣ የእናንተም ይሁን የአጋራችሁ፣ ኮንዶም አድርጎ ከመቀጠል መታከምን አስቀድሙ።

በአፍ የሚደረገውም ከሂሳቡ ይግባ። ከንፈር ላይ የሚወጣው፣ ብዙ ቤት ምች ተብሎ ዳማከሴ የሚሸተትለት ቁስል፣ አብዛኛውን ጊዜ ኸርፐስ ነው። ቁስሉ ላይ እያለ በአፍ ግንኙነት ወደ ብልት ይሄዳል። ለወንድ ኮንዶም ማጥለቅ ይቻላል። ለሴት ደግሞ ኮንዶምን ጫፉንና ሥሩን ቆርጦ፣ በቁመቱ ሰንጥቆ እንደ መሸፈኛ መጠቀም ነው።

ሁለት ክትባቶች ኮንዶም የሚጎድለውን ይሞላሉ። አንደኛው የኤች ፒ ቪ ነው፤ የማህፀን በር ካንሰርን ለመከላከል በኢትዮጵያ ለልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2018 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ልጅ ያላችሁ ትምህርት ቤት ሲመጣ አትከልክሏት። ሁለተኛው የጉበት ቫይረስ፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ነው። አዋቂም ተመርምሮ ነፃ ከሆነ ሦስት ጊዜ ይወስዳል።

ግርዛትም ይነሳል። የተገረዘ ወንድ ከሴት ኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሉ በ60 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ለሴቷ ግን ያን ያህል ጥበቃ አይሰጣትም። «ተገርዣለሁ» የሚለው የኮንዶም ምትክ አይሆንም።

ቢቀደድ ወይም ውስጥ ቢቀር

አትደናገጡ፤ ሰዓት ግን አታባክኑ። ውስጥ ከቀረ በሁለት ጣት ቀስ ብሎ ማውጣት ይቻላል። ውጪውን በውሃ መታጠብ ምንም አይል። ውስጥን በሳሙና፣ በሎሚ ወይም በሌላ ነገር ማጠብ ግን አይረዳም። ገላን ያቆስላል፣ ያለውንም ወደ ላይ ይገፋል።

ለእርግዝና፦ የድንገተኛ ጊዜ መከላከያ እንክብል መድኃኒት ቤት አለ፤ ፖስትፒል በሚለው ስም ይታወቃል። «የ72 ሰዓት» የሚሉትም አሉ። እስከ 72 ሰዓት ጠብቁ ማለት ግን አይደለም። በቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይሠራል፤ ሌሊት ከሆነ ጠዋት መድኃኒት ቤት ሲከፈት ሂዱ። እስከ 5 ቀን ሊወሰድ ይችላል፣ ጉልበቱ ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ከወሰደች በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ድጋሚ መውሰድ አለባት። የቲቢ፣ የሚጥል በሽታ ወይም አንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ይህን ለባለሙያው ትንገር፤ መድኃኒቶቹ የእንክብሉን ጉልበት ይቀንሱታል። ከእንክብሉ የበለጠ አስተማማኝ የሆነው ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ነው፤ ባለ መዳብ ሉፕ በ5 ቀን ውስጥ ከገባ ያንን እርግዝና ይከላከላል፣ ከዚያም ለዓመታት ያገለግላል። ወር አበባ ከሚጠበቅበት ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ ይደረግ።

ለኤች አይ ቪ፦ እዚህም ገደቡ 72 ሰዓት ነው። ተጋላጭነት ሲኖር ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት (ኤ አር ቲ) ወደሚሰጥ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ወዲያው ሄዳችሁ የሆነውን ሳትደብቁ ንገሯቸው። ባለሙያው አደጋውን መዝኖ ይወስናል። ከተጀመረ 28ቱንም ቀን መጨረስ ግድ ነው።

ተገዳ የተደፈረች ሴት፣ ተገዶ የተደፈረም ወንድ፣ ከምንም በፊት ሕክምና ይቅደምለት። ገላ ሳይታጠቡ፣ ልብሱንም ሳያጥቡ መሄድ ለማስረጃ ይረዳል፤ ታጥበው ከሆነ ግን አሁንም ይሂዱ። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ዓይነት ማዕከል ሕክምናውን፣ ምክሩንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ ይሰጣል። መድኃኒቱን ለማግኘት ክስ እስኪመሠረት አትጠብቁ።

ምልክት ሲታይ፣ ባይታይም

ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ከብልት የሚወጣ መግል ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ፣ ቁስል፣ የብሽሽት እብጠት፣ በሴት ደግሞ የታችኛው ሆድ ሕመም። ከእነዚህ አንዱ ካለ ጤና ተቋም ሂዱ። ጨብጥ ፀሐይ ላይ ቆሞ በመሽናት አይመጣም፤ የሚመጣው በግንኙነት ነው።

እዚህ ላይ በጣም የምለምናችሁ ነገር አለ። ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ፣ ጓደኛ የወሰደውን ስም ጠይቆ መዋጥ ይቅር። የጨብጥ ተዋሲያን ለብዙ መድኃኒት እየተላመዱ ነው። ምልክቱ ይጠፋል፣ በሽታው ይቀራል። እናም አንዱ ብቻውን ታክሞ ሌላውን ከተወ፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይይዘዋል። ሁለታችሁም ታከሙ፤ ሁለታችሁም ጨርሳችሁ ቢያንስ ሰባት ቀን እስኪሞላ፣ ምልክቱም እስኪጠፋ ግንኙነት አታድርጉ።

ክላሚዲያና ጨብጥ በብዙ ሴቶች ላይ ምንም ምልክት አያሳዩም። ዝም ብለው የማህፀን ቱቦን ያበላሻሉ። ልጅ እምቢ ያላት ሴት ምክንያቱን ስትፈልግ ከዓመታት በፊት ያለፈ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ዓይን ላይ ነርሷ ቅባት የምትቀባውም ለዚሁ ነው፤ የእናትየው ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ዓይኑን እንዳያጠፋው። እርጉዝ ሴት ክትትል ስትጀምር ለኤች አይ ቪ፣ ለቂጥኝና ለሄፓታይተስ ቢ ትመረመራለች። አታምልጣችሁ፤ ባልም አብሮ ይመርመር።

«ኤድስ ድሮ ቀረ» የሚለውን ወሬ ወጣቶች ላይ እሰማለሁ፤ ያስፈራኛል። ነፃ የኤ አር ቲ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ስለሚሰጥ ሰው እንደ ድሮው እያየነው አይሞትም። ቫይረሱ ግን አልሄደም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የከተማ ነዋሪዎች 2.9 በመቶ፣ ከገጠር 0.4 በመቶ ቫይረሱ በደማቸው ነበር። ከተማ ውስጥ ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

ኮንዶም የሚተወው መቼ ነው?

ከአንድ ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ የምትኖሩ ከሆነ ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። «ለመድነው» ብሎ መተው ግን አይደለም። ቅደም ተከተል አለው።

አብራችሁ ተመርመሩ፤ ለኤች አይ ቪ፣ ለቂጥኝ፣ ለሄፓታይተስ ቢ። የኤች አይ ቪ ፈጣን ምርመራ አዲስ የተያዘን ሰው እስከ ሦስት ወር ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ወር ኮንዶም እየተጠቀማችሁ፣ ሌላ ሰው ሳይገባበት ቆዩና ድገሙት። ጤና ተቋም መሄድ ለከበደው ራስን በራስ የመመርመሪያ ኪት አለ፤ ከድድ ላይ በሚወሰድ ፈሳሽ ይሠራል። ቫይረሱ አለ ካለ ግን በጤና ተቋም መረጋገጥ አለበት።

አንዳችሁ ቫይረሱ ቢገኝበት የነገሩ መጨረሻ አይደለም። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም። እዚያ እስኪደርስ ኮንዶም ይቀጥላል። ነፃ የሆነው የትዳር አጋርም በየቀኑ የሚወሰድ የቅድመ መከላከያ መድኃኒት እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል።

ባል ወይም ሚስት ዓረብ አገር ወይም ሌላ ሩቅ ቦታ ከርሞ ሲመለስም እንደ አዲስ ይቆጠር። ይህ ክስ አይደለም። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ደህና መጣህ» ከተባለ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት፣ ሁለቱም አብረው ይመርመሩ፤ እስከሁለተኛው ውጤት ኮንዶም ይኑር።

ኮንዶም የምትተዉበት ቀን ከመድረሱ በፊት ደግሞ ልጅ ካልፈለጋችሁ ሌላ መከላከያ ይጀመር። የሦስት ወር መርፌ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው፣ ሉፕ፣ በየቀኑ የሚዋጠው፤ ሁሉም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣሉ። መርፌው ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረው፣ የወር አበባ ከጀመረ ከሰባት ቀን በኋላ ከተሰጠ፣ እስከሚቀጥሉት ሰባት ቀናት ኮንዶሙን አታቋርጡ።